የኢንፌክሽን ሐኪሞች ስለ እርጅና ለምን ይማሩ?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሐኪም የኢንፌክሽን በሽታዎች ስፔሻሊስት ለመባል ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ዓመት ፌሎሺፕ (የንዑስ ሙያ ሥልጠና) ይጠብቀዋል። በፌሎሺፑ ዘመን ዋናው ሥራው ምክር መስጠት ነው። ሌላው ሐኪም «በሽተኛዬ ትኩሳቱ አልወርድ አለ»፣ «ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ» ብሎ ይጠራዋል። እሱም መጥቶ በሽተኛውን ያያል፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን ያገላብጣል፣ የትኛው አንቲባዮቲክ በምን መጠን ለስንት ቀን እንደሚሰጥ ይጽፋል።

አልጋው ላይ የሚያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ አዛውንት ነው። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሕዝብ ቆጠራ ከስድስት አሜሪካውያን አንዱ 65 ዓመት የሞላው ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ ሲገባ ድርሻቸው ከዚያም ይበልጣል። ኮቪድ ከቀጠፋቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በዚህ ዕድሜ ክልል የነበሩ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የፌሎሺፑ ጊዜ የሚከፋፈለው በሌላ መንገድ ነው፦ የኤችአይቪ ክሊኒክ፣ የንቅለ ተከላ ታካሚዎች፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ፣ የሆስፒታል ኢንፌክሽን ቁጥጥር። ኩላሊት የተተከለለት ሰው የራሱ ሮቴሽን (ለእሱ ብቻ የተመደበ የሥልጠና ጊዜ) አለው፤ የ86 ዓመት እናት ግን በብዙ ፕሮግራሞች የላቸውም። ሁሉም ስለሚያክማቸው ሁሉም ያውቅበታል ተብሎ ይታለፋል።

«ባክቴሪያው ያው አይደለም እንዴ? የ30 ዓመት ጎረምሳም ሳንባ ውስጥ ይግባ የ86 ዓመት አዛውንት ሳንባ ውስጥ፣ ምን ይለወጣል?» የሚል ሐኪም አይጠፋም። ባክቴሪያው ያው ነው። ሰውነቱ ስለ በሽታው የሚሰጠው ምልክት፣ መድኃኒቱን የሚያጣራው ኩላሊት፣ አብረው የሚዋጡት ሌሎች ስምንት ክኒኖች፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚጠብቃቸው ቤት ግን ሁሉም ሌላ ነው። የኢንፌክሽን ሐኪም ስህተት የሚሠራውም ብዙ ጊዜ እነዚህ ላይ ነው።

ከትኩሳት እንጀምር። ትኩሳት ለኢንፌክሽን ሐኪም የመጀመሪያው የማንቂያ ደወል ነው። ጠና ያለ ኢንፌክሽን ይዟቸው ከሚመጡ አዛውንቶች ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ትኩሳት አያሳዩም፣ ወይም የሚያሳዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንደኛ፣ የብዙ አዛውንቶች የዘወትር ሙቀት ከወጣት ሰው ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛ፣ ሰውነታቸው ለጀርም የሚሰጠው ምላሽ ይዘገያል። የአሜሪካ የኢንፌክሽን በሽታዎች ማኅበር በ2008 ለአረጋውያን መጦሪያዎች ባወጣው መመሪያ የትኩሳትን መለኪያ ራሱን ዝቅ አደረገው። በአፍ ሲለካ አንዴ ከ37.8 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም በተደጋጋሚ ከ37.2 ካለፈ፣ ወይም ከሰውየው የዘወትር ሙቀት በ1.1 ዲግሪ ከጨመረ ትኩሳት ነው ይላል።

የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ሐኪሙ የሰውየውን የዘወትር ሙቀት ካላወቀ ልትጠቅመው አትችልም። የሚያውቀው ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት የሚያጥባቸውና ቁርስ የሚያጎርሳቸው ሰው ነው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ሐበሾች፣ በተለይ ሴቶች፣ ብዙ ናቸው። «ዛሬ ደህና አይደሉም፣ ቁርሳቸውን አልነኩም፣ ሁልጊዜ የሚያነሱትን የልጃቸውን ስም አልጠሩም» ብላ ለነርሷ የምትነግር ረዳት፣ ቴርሞሜትሩ ሳይናገር ኢንፌክሽኑን ቀድማ እያየችው ሊሆን ይችላል። በአዛውንት የሳንባ ምች ሳል ሳይኖረው በመውደቅ፣ የደም ኢንፌክሽን ብርድ ብርድ ሳይል በምግብ እምቢታ ሊጀምር ይችላል። ሠልጣኙ እንግዲህ ሊማር የሚገባው አንዱ ነገር ለማን ስልክ መደወል እንዳለበት ነው። ቀላል ይመስላል፤ በየሆስፒታሉ ኮሪደር ግን ለዚህ ስልክ ጊዜ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ሽንት ምርመራ እንምጣ። ታሪኩ ተደጋግሞ ስለሚከሰት ሁሉም የኢንፌክሽን ሐኪም በቃሉ ያውቀዋል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አንዲት እናት አንድ ቀን ከወትሮው የባሰ ግራ ይጋባሉ፤ ሰው መለየት ያቅታቸዋል፣ ሌሊቱን ሲያወሩ ያድራሉ። ሽንታቸው ይመረመራል። ባክቴሪያ ይገኛል። «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ሁሉም ሰው እፎይ ይላል፤ ምክንያቱ ታውቋላ!

ችግሩ ባክቴሪያው እዚያ መገኘቱ ምንም ላያረጋግጥ መቻሉ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ከሚኖሩ ሴቶች ከአራቱ አንዷ፣ በአንዳንዱ ቦታ እስከ ግማሾቹ፣ ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ። በወንዶችም ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ፊኛቸው ውስጥ ተስማምቶ የሚኖር እንጂ የሚያጠቃቸው አይደለም። ስለዚህ በማንኛውም ቀን፣ ደህና በሆኑበትም ቀን፣ ሽንታቸውን ብትመረምሩ ያው ውጤት ይመጣ ነበር። ማኅበሩ በ2019 ያደሰው መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። አንድ አዛውንት ግራ ስለተጋቡ ብቻ፣ ትኩሳት ወይም የደም ግፊት መውረድ ሳይኖር፣ ሽንት ማቃጠል ወይም የጎን ሕመም ሳይኖር፣ ሽንት ውስጥ ለተገኘ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ከመስጠት ይልቅ ሌላ ምክንያት መፈለግና በቅርብ መከታተል ይሻላል ይላል።

ሌላው ምክንያት ደግሞ ሞልቷል። የአምስት ቀን የሆድ ድርቀት፣ የውሃ ጥም፣ ትናንት ማታ ለእንቅልፍ ተብሎ የተሰጠ የአለርጂ ክኒን፣ ያልተነገረ የወገብ ሕመም፣ በአምቡላንስ ሲመጡ ቤት የቀረ የመስሚያ መሣሪያ። የመስሚያ መሣሪያው የቀረባቸው ሰው ለጥያቄ የማይገናኝ መልስ ሲሰጡ «ግራ ተጋብተዋል» ተብሎ ካርዳቸው ላይ ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ነገር ከማይክሮስኮፕ ሥር የሚያገኘው የለም።

«ቢሰጣቸውስ ምን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አንቲባዮቲክ አንጀት ውስጥ ያሉትን ደህና ባክቴሪያዎች ጨርሶ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ለሚባለው፣ ሐኪሞች «ሲ ዲፍ» ለሚሉት ጀርም ቦታ ያስለቅቃል። እሱ የሚያመጣው ተቅማጥ ለአዛውንት ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው ከሕክምና ጋር በተያያዘ ሲ ዲፍ ከያዛቸው 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከ11 አንዱ በአንድ ወር ውስጥ ይሞታል።

መመሪያውን ማንም ሠልጣኝ በቃሉ ይወጣዋል። የሚከብደው ልጆቻቸው ዙሪያውን ከበው፣ ነርሷ ውጤቱን ይዛ፣ የተረኛው ሐኪም «አንድ ነገር እናድርግ» እያለ ባለበት ሰዓት «እንጠብቅ፤ እስከ ነገ በየአራት ሰዓቱ እንያቸው» ብሎ ማስረዳት ነው። ያ ችሎታ ከንባብ አይገኝም። አንድ የበሰለ ሐኪም ሲያደርገው አይቶ፣ ከዚያ ራሱ ሲያደርግ ታይቶ ነው የሚማረው።

እዚህ ላይ የእኛን ማኅበረሰብ በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ሐኪሙ «ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?» ብሎ በልጅ በኩል ሲጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ምንም የለም» ነው። ወንድ ልጃቸው ቆሞ እያስተረጎመ የሽንታቸውን ነገር የሚዘረዝሩ እናት ብርቅ ናቸው። ስለዚህ መመሪያው «ምልክት ካለ ስጥ፣ ከሌለ አትስጥ» ሲል ምልክቱ በሃፍረት ተሸፍኖ ሊሆን እንደሚችል ሠልጣኙ ካላወቀ፣ ትክክለኛውን ሕግ ተከትሎ የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናል። የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ አድርጋ ታስተናግዳለች። በስልክ የምትመጣ፣ ፊቷ የማይታይ ሴት አስተርጓሚ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከልጅ ትሻላለች።

ወደ መድኃኒት መጠን ስንሄድ ቁጥር እንያዝ። አብዛኛው አንቲባዮቲክ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ላቦራቶሪው ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ክሬያቲኒን የሚባል ቆሻሻ ይለካል፤ 0.9 ከሆነ «ኖርማል» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ክሬያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ጡንቻቸው ያለቀ ሰው ኩላሊታቸው ደክሞም ቁጥሩ ያምራል። ለዚህ በ1976 የወጣው የኮክሮፍትና ጎልት ስሌት ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ከ140 ላይ ዕድሜ ይቀነሳል፣ በኪሎ ክብደት ይባዛል፣ ከዚያ 72 በክሬያቲኒን ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል፤ ለሴት ውጤቱ በ0.85 ይባዛል።

እንሥራው። 75 ኪሎ የሚመዝን የ30 ዓመት ወንድ፣ ክሬያቲኒኑ 0.9፦ ውጤቱ በደቂቃ 127 ሚሊሊትር ገደማ። 45 ኪሎ የሚመዝኑ የ84 ዓመት እናት፣ ክሬያቲኒናቸው ያው 0.9፦ ውጤቱ 33። ላቦራቶሪው ለሁለቱም «ኖርማል» ብሏል፤ የእናትየው ኩላሊት የሚያጣራው ግን የወጣቱን ሩብ ያህል ነው። ለወጣቱ የሚታዘዘው መጠን ለእሳቸው ከታዘዘ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። ሴፌፒም የተባለው አንቲባዮቲክ ሲጠራቀም ደግሞ የሚያመጣው ግራ መጋባትና መቃዠት ነው፤ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ። ያኔ ምን ይባላል? «ኢንፌክሽኑ እየባሰ ነው፣ መድኃኒቱን እናጠንክር።»

በቅንፍ አንድ ነገር። ስሌቱ ውስጥ የገባው ዕድሜ ከፓስፖርት የተገለበጠ ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ አዛውንቶች የልደት ቀናቸው በግምት የተጻፈ መሆኑን እናውቃለን። «የጣልያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ» የሚሉ እናት ወረቀታቸው ላይ 84 ሆነው በእርግጥ 90 ቢሆኑ ውጤቱ ከ33 ወደ 29.5 ይወርዳል። የብዙ መድኃኒቶች መጠን የሚቀየረው ደግሞ ልክ 30 ላይ ነው። ቤተሰብ ይህን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ቢናገር ማንም መታወቂያ አይቀማውም!

መጠኑ ተስተካከለ እንበል፤ ከሌሎቹ ክኒኖች ጋርስ ይስማማል? የአሜሪካ ጄሪያትሪክስ (የአረጋውያን ሕክምና) ማኅበር «የቢርስ መስፈርት» የሚባል ዝርዝር ያወጣል። ማርክ ቢርስ በተባሉ ሐኪም መሪነት በ1991 የተጀመረ፣ በ2023 የታደሰ፣ ለአዛውንት የማይመከሩ ወይም ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶችን የሚዘረዝር ነው። የኢንፌክሽን ሐኪሙ መሣሪያዎች እዚያ ውስጥ አሉ። ለሽንት ኢንፌክሽን በየቀኑ የሚታዘዘው ትራይሜቶፕሪም ሰልፋ (ብዙ ሰው ባክትሪም የሚለው) እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ካሉ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ፣ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ፖታሲየምን አደገኛ ደረጃ ሊያደርስ ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ደግሞ ደም እስኪያፈስ ሊያቀጥን ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ከዋርፋሪን ጋር እንዲሁ ነው። የእሱ ቤተሰብ የሆኑት ፍሎሮኪኖሎኖች ከ60 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ጅማት የመበጠስ አደጋቸው ከፍ ስለሚል የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2008 ጥቁር ሳጥን የሚባለውን ከባድ ማስጠንቀቂያ ለጥፎባቸዋል። በ2018 ደግሞ ስለ ደም ስኳር መውረድና ስለ ዋናው የደም ቧንቧ መቀደድ አዳዲስ ማስጠንቀቂያዎች ተጨመሩ። ለአጥንት ተብሎ የሚዋጠው ካልሲየም ከሲፕሮ ጋር በአንድ ጉርሻ ከተዋጠ ደግሞ አንጀት ውስጥ ተያይዘው መድኃኒቱ ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል፤ ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል።

ኤችአይቪ ክሊኒክም አርጅቷል፤ ይህ ደግሞ የሙያው ትልቁ ድል ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 50 ዓመት አልፏቸዋል። በብዙዎቹ ቫይረሱ በደም ውስጥ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ዓመታት ሆኗል፤ የቀረው የልብ፣ የአጥንት፣ የኩላሊት፣ የማስታወስ ጉዳይ ነው። በ2023 ይፋ የሆነው ሪፕሪቭ የተባለ ጥናት ፒታቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች የልብና የደም ሥር አደጋን እንደሚቀንስ አሳየ። እንግዲህ የቫይረስ ሐኪም የነበረው ሰው የኮሌስትሮል ክኒን አዛዥ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ኮቢሲስታት ያለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች እንደ ሲምቫስታቲን ካሉ የኮሌስትሮል ክኒኖች ጋር ፈጽሞ እንደማይሰጡ እያስታወሰ።

ከአገር የመጡ አዛውንቶች የሚይዙት ሌላ ጓዝ አለ። ልጆቻቸው በግሪን ካርድ ያስመጧቸው አባት ገጠር ባዶ እግራቸውን ሲያርሱ የገባ ስትሮንጂሎይደስ የተባለ የአንጀት ትል ለአሥርት ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊኖር ይችላል፤ እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካ ስለሚቀጥል ከአገር መውጣት አያጠፋውም። ከዚያ አንድ ቀን ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒዞን የሚባል ስቴሮይድ ይታዘዝላቸዋል። ስቴሮይዱ የሰውነት መከላከያን ሲያዳክም ትሉ በብዛት ተፈልፍሎ ሳንባና ደም ድረስ ይሠራጫል፤ ይህ ከተከሰተ ብዙዎችን ይገድላል። ቀድሞ በደም ምርመራ ቢታወቅ ግን በአይቨርሜክቲን የሚድን ነገር ነው። ድብቅ ቲቢም እንዲሁ ነው። ለወጣት ሳይታሰብ የሚሰጠው የአራት ወር ሪፋምፒን፣ ዋርፋሪን ወይም አፒክሳባን ለሚወስዱ አዛውንት የደም ማቅጠኛውን ኃይል ያወርደዋል፤ ሌላው የድብቅ ቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ደግሞ ጉበትን የመጉዳት ዕድሉ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። «የት አገር ተወለዱ?» የሚለው ጥያቄ ለ25 ዓመት ተማሪ ብቻ ሳይሆን ለ80 ዓመት አዛውንትም መጠየቅ አለበት። ትናንት የተጓዙበት ሳይሆን ከ50 ዓመት በፊት የኖሩበት ነው የሚፈለገው።

ሌላው ሠልጣኙ እምብዛም የማያየው ነገር ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ያለው ነው። የአጥንት ወይም የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ለያዛቸው ሰዎች ስድስት ሳምንት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ማዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ወጣቱ ክንዱ ላይ ቀጭን ቱቦ ተደርጎለት ቤቱ ሆኖ ይወስደዋል። መደበኛው ሜዲኬር (የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን) ግን ቤት ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ወጪ በሙሉ በአብዛኛው አይሸፍንም። ስለዚህ አዛውንቷ ለዚህ መድኃኒት ብቻ ብለው መጦሪያ ይገባሉ። በዚያ ስድስት ሳምንት ከአልጋ የሚወርዱት ትንሽ ነው፤ እግራቸው ይደክማል፣ ምግቡ አይስማማቸውም፣ ቋንቋቸውን የሚናገር ላይኖር ይችላል። ኢንፌክሽኑ ድኖ እሳቸው ግን ወደ ቤታቸው ላይመለሱ ይችላሉ። በሐኪሙ መዝገብ ላይ ይህ «የተሳካ ሕክምና» ነው።

በ2019 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ይህን ልማድ ነቅንቀውታል። የእንግሊዙ ኦቪቫ 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ያለባቸውን ሰዎች፣ የዴንማርኩ ፖኤት ደግሞ 400 የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ያለባቸውን ሰዎች ይዞ፣ ለተመረጡና ለተረጋጉ ታካሚዎች የሚዋጥ መድኃኒት በደም ሥር ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳዩ። ለአዛውንቷ ትልቅ የምሥራች ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ በኦቪቫ ከሚዋጡት መካከል ብዙ ጊዜ ያገለገሉት ፍሎሮኪኖሎኖችና ሪፋምፒን ናቸው፤ ማለትም ከላይ ስለ ጅማትና ስለ ደም ማቅጠኛ ያነሳናቸው ራሳቸው። ማንኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው ጥናቱ ብቻ አይደለም። ክኒኑን የሚያስታውስላቸው አለ? እጃቸው ይንቀጠቀጣል? ሽንት ቤት ለብቻቸው ይደርሳሉ? እሳቸውስ ምን ይፈልጋሉ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መንገድ አለ። ከ2017 ጀምሮ የጆን ሃርትፎርድ ፋውንዴሽንና የጤና አጠባበቅ ማሻሻያ ኢንስቲትዩት በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚያስፋፉት አሠራር አራት ነገር ላይ ያተኩራል፦ ለአዛውንቱ ዋናው ነገር ምንድን ነው፣ መድኃኒቶቻቸው፣ አእምሯቸው፣ እንቅስቃሴያቸው። ሮኬት ሳይንስ አይደለም። የኢንፌክሽን ሠልጣኝ በሚጽፈው ምክር ላይ ከ«ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም» በላይ አራት መስመር መጨመር ነው። ለምሳሌ የአቅም መዳከምን ለመለካት ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀ ከ1 እስከ 9 የሚሄድ መለኪያ አለ፤ «ከሁለት ሳምንት በፊት ራሳቸው ይገበያዩ ነበር? ገላቸውን ማን ያጥባቸዋል?» ከሚል ጥያቄ አያልፍም። መጠየቅ ያለበት ከመታመማቸው በፊት ስለነበሩበት ነው እንጂ ዛሬ አልጋ ላይ ሁሉም ሰው ደካማ ነው።

አእምሮን ለመፈተን ደግሞ ወራትን ከዲሴምበር ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። አሥራ ሦስት ወር ይዘው ያደጉ አባት ከጳጉሜን ተነስተው በትክክል ወደ መስከረም ቢወርዱ በእንግሊዝኛው ፎርም ላይ ሊወድቁ ነው። የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ወደ ኋላ ማስቆጠር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው አንቲባዮቲክ የማይጠቅምበትን ጊዜ ማወቅ ነው። የመርሳት በሽታቸው መጨረሻ ደረጃ የደረሰ፣ መዋጥ ያቃታቸው ሰው የሳንባ ምች ደጋግሞ ይይዛቸዋል። በእነዚህ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት አንቲባዮቲክ ዕድሜ እንደሚያራዝም፣ ምቾት ግን እንደማይጨምር ያሳያል። የትኛው ይመረጥ የሚለው የቤተሰብና የእምነት ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙ ግን ሁለቱን ለይቶ መናገር መቻል አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ መርዶን ለበሽተኛው አለመንገር፣ ለታላቁ ልጅ ብቻ ማንሾካሾክ የቆየ ወግ ነው። «ስለ በሽታዎ ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ፣ ወይስ ለማን እንድነግር ይፈልጋሉ?» ብሎ መጀመር ወጉንም ሕጉንም ያከብራል።

ስለ ክትባት ብዙ አልልም፤ የታወቀ ነው። ከ65 በላይ ላሉ አሜሪካውያን ከ2022 ጀምሮ ኃይሉ ከፍ ያለ የጉንፋን ክትባት ይመረጣል፤ አንደኛው ዓይነት ከተራው አራት እጥፍ ንጥረ ነገር አለው፣ ያረጀ መከላከያ ጠንከር ያለ ማነቃቂያ ስለሚፈልግ። የአልማዝ ባለጭራው ሺንግሪክስ ከ50 ዓመት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ከ2023 ወዲህ የሜዲኬር የመድኃኒት ክፍል (ፓርት ዲ) እንዲህ ያሉትን የሚመከሩ የአዋቂ ክትባቶች ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ገንዘብ ፈርተው የተዉ ወላጆች ካሉ ንገሯቸው።

«ታዲያ የአረጋውያን ሐኪም ለምን አይጠራም?» ለማለት ጄሪያትሪሺያን መኖር አለበት። ሥልጠናው ከውስጥ ደዌ ወይም ከቤተሰብ ሕክምና በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ሳለ ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ቦታ ባዶ ይቀራል። የኢንፌክሽን ሕክምናም ራሱ ሰው አጥሮታል፤ በታኅሣሥ 2022 በተደረገው ምደባ ከፕሮግራሞቹ አርባ በመቶ በላይ የሚሆኑት ቦታቸውን አልሞሉም። የካንሰርና የልብ ሐኪሞች የአረጋውያንን ሕክምና ወደ ራሳቸው ሙያ ካስገቡ ቆይተዋል። የብሔራዊ እርጅና ኢንስቲትዩትም ጄምስታር በሚባል ድጎማ ከሌላ ሙያ ወደ እርጅና ምርምር የሚገቡ ወጣት ሐኪሞችን ሲደግፍ ቆይቷል።

የሚነሳው ተቃውሞ «24 ወሩ ሞልቷል፣ የት እንጨምር?» የሚል ነው። አንድ ወር የሌክቸር ክፍለ ጊዜ መጨመር ይህን ያህል አይጠቅምም ባይ ነኝ፤ ተማሪው ሰምቶ ይረሳዋል። የሚጠቅመው ሠልጣኙ የሚቆምበትን ቦታ መቀየር ነው። ግማሽ ቀን ከፋርማሲስት ጋር ተቀምጦ የ14 ክኒን ዝርዝር ወደ 9 ማውረድ። አንቲባዮቲክ ያዘዘላቸውን ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጦሪያው ድረስ ሄዶ ማየት። በሳምንታዊው የበሽተኛ ውይይት ላይ ከጀርሙ ስም ቀጥሎ የአቅም መለኪያውን ቁጥር ማቅረብ። በስፔሻሊስትነት ማረጋገጫው (በቦርድ) ፈተና ላይ ትክክለኛው መልስ «አንቲባዮቲክ አያስፈልግም፣ የሆድ ድርቀቱን አክም» የሆነባቸው ጥያቄዎች መብዛት፤ ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነውና።

መጦሪያዎቹም እየጠበቁ ናቸው። የሜዲኬርና የሜዲኬይድ ማዕከል ከኅዳር 2017 ጀምሮ እያንዳንዱ መጦሪያ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም የሚቆጣጠር ፕሮግራም እንዲኖረው አስገድዷል። አብዛኞቹ ግን የኢንፌክሽን ሐኪም የላቸውም፤ ካላቸውም በስልክ ነው። ከስልኩ ወዲያ ያለችው ነርስ አርባ ታካሚ ይዛ፣ አንድ የሽንት ውጤት እያነበበች፣ «ልጃቸው መድኃኒት ካልተጀመረ እያለ ነው፣ ምን ልበለው?» ትላለች። የምትፈልገው የባክቴሪያውን ስም አይደለም፤ እሱ ወረቀቱ ላይ አለ።